ኢንዶካናቢኖይድ ሲስተም የሚባለው ነገር እውነት አለ? ሰውነታችን ውስጥ ምንድነው የሚሠራው?

ጥያቄ የማያልቅባት፦

ሰላም ቤተሰብ። የሚያውቅ ሰው ካለ ያስረዳኝ ብዬ ነው። ሰሞኑን ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር ስለ ኢንዶካናቢኖይድ ሲስተም የሚያወራ ቪዲዮ ይመጣብኛል። ሰውነታችን ካናቢስ ውስጥ ያለውን የሚመስል ነገር ራሱ ያመርታል ይላሉ። እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ሕመም፣ ጭንቀት፣ ሁሉንም የሚመራው እሱ ነው፣ እሱ ከተዛባ ሁሉም ይዛባል ይላሉ። መጨረሻ ላይ ትንሽ ጠርሙስ ከነጠብጣቢዋ ብቅ ትላለች። ሲቢዲ የሚባል የካናቢስ ንጥረ ነገር ያለበት ዘይት። ምላሳችሁ ስር ጠብ አድርጉና ሲስተማችሁን አስተካክሉ።

ለራሴ ቢሆን አልፌው እሄድ ነበር። ነገሩ አክስቴ ጋ ደረሰ። ጉልበቷን ለዓመታት ያማታል፣ ሐኪም መገጣጠሚያው እየተበላ ነው ብሏታል፣ ደረጃ መውጣት ስቃይ ሆኖባታል። ቪዲዮውን አይታ «የኔ መድኃኒት ይሄ ነው» ብላለች። የልብ ምቷ ስለሚዛባ ደግሞ ዋርፋሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። እሱ ነው የሚያስፈራኝ፣ ግን ምን ብዬ ልከራከራት?

ይሄ ሲስተም በእርግጥ አለ ወይስ ለማሻሻጫ የወጣ ስም ነው? ካለስ እንዴት ነው የሚሠራው? ሰውነታችን ለአንድ ተክል ብሎ ለምን መቀበያ ያዘጋጃል? ዘይቱስ ለጉልበት ይሆናል? እባካችሁ «ጉግል አድርጊ» አትበሉኝ፣ አድርጌ የባሰ ግራ ገብቶኛል።


ነጭ ጋዋን፦

እህቴ፣ ፋርማኮሎጂ አስተምራለሁ፣ ስለዚህ ረዘም ካለብሽ ታገሺኝ። ሲስተሙ አለ። ማንም ለገበያ ብሎ የፈጠረው አይደለም። ችግሩ ያለው «አስተካክሉት» የሚለው ላይ ነው፣ እሱን ለማየት ግን መጀመሪያ አሠራሩ መታወቅ አለበት።

ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። በ1964 ራፋኤል መሹላምና የሒኤል ጋኦኒ እስራኤል ውስጥ ካናቢስ ውስጥ ያለውን የሚያጦዝ ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲን፣ ለይተው አወጡ። ከዚያ በኋላ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ የሚታወቀው ቲኤችሲ ምን እንደሚያደርግ ነበር፣ በየት በኩል እንደሚያደርገው ግን አይታወቅም ነበር። ቅባት ስለሆነ የሴሉ ሽፋን ውስጥ ገብቶ ሴሉን ዝም ብሎ ያደነዝዘዋል የሚሉ ብዙ ተመራማሪዎች ነበሩ። በ1988 አሊን ሃውሌትና ዊልያም ዲቫን አሜሪካ ውስጥ የአይጥ አንጎል ላይ ሲሠሩ ለእነዚህ ንጥረ ነገሮች የተለየ ሪሴፕተር፣ አንቺ መቀበያ ያልሽው፣ እንዳለ አሳዩ። በ1990 የሪሴፕተሩ ጂን ታወቀ። ሲቢ1 የሚባለው እሱ ነው። በ1993 ደግሞ ሁለተኛው፣ ሲቢ2፣ ተገኘ።

አሁን ያንቺ ጥያቄ እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። አንጎል ለአንድ ተክል ብሎ ሪሴፕተር አያዘጋጅም። ሪሴፕተር ካለ ሰውነት ራሱ የሚሠራው፣ ለዚያ ሪሴፕተር የሚሆን ነገር መኖር አለበት። ፈለጉ፣ አገኙም። በ1992 የመሹላም ቡድን ከአሳማ አንጎል አናንዳማይድን አወጣ። በ1995 ደግሞ እዚያው እስራኤልና ጃፓን ውስጥ ሁለት ቡድኖች ለየብቻ ሁለተኛውን፣ 2-ኤጂ የሚባለውን፣ አሳወቁ። አንጎል ውስጥ ከአናንዳማይድ በብዙ እጥፍ የሚበዛው ይሄኛው ነው። የተክሉ ቲኤችሲ ቅርጹ ለሪሴፕተሩ ገጥሞለት በማይመለከተው በር የገባ እንግዳ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ሲስተሙ ስንል ሪሴፕተሮቹን፣ ሰውነት የሚሠራቸውን ሁለቱን ቅባቶች፣ እነሱን የሚሠሩትንና የሚያፈርሱትን ኢንዛይሞች ማለታችን ነው። እንደ ጉበት ወይም እንደ ኩላሊት አንድ ቦታ የተቀመጠ ነገር አይደለም።

ሲቢ1 አንጎል ውስጥ በጣም ብዙ ነው። ትውስታ የሚሠራበት ሂፖካምፐስ፣ እንቅስቃሴን የሚመሩት ክፍሎች፣ ፍርሃትን የሚይዘው አሚግዳላ፣ ረሃብን የሚቆጣጠረው ሃይፖታላመስ፣ ሁሉም ላይ አለ። ከአንጎል ውጭም አንጀት፣ ጉበትና የስብ ሴሎች ላይ ይገኛል። ሲቢ2 በብዛት ያለው በሽታ የሚከላከሉት ሴሎች ላይ ነው፣ ጣፊያ ውስጥ በተለይ።

አሁን ዋናው ነገር። ሌሎቹ የነርቭ መልእክተኞች፣ ዶፓሚን በይው ሴሮቶኒን፣ አስቀድመው ተሠርተው በትንንሽ ከረጢት ታጭቀው ይጠብቃሉ። ትእዛዝ ሲመጣ ከረጢቱ ይፈነዳና ይወጣሉ፣ ከላኪው ሴል ወደ ተቀባዩ ይሻገራሉ። ኢንዶካናቢኖይዶች፣ ማለትም ሁለቱ ቅባቶች፣ እንዲህ አይደሉም። ቅባት ስለሆኑ ከረጢት ውስጥ አይቀመጡም። በተፈለጉበት ሰዓት፣ በተፈለጉበት ቦታ፣ ከራሱ ከሴሉ ሽፋን ተቆርጠው ይሠራሉ። አቅጣጫቸውም የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚነሱት ከተቀባዩ ሴል ነው፣ የሚሄዱት ወደ ላኪው።

አንድ የነርቭ መገናኛ ላይ የሚሆነውን ልንገርሽ። ላኪው ሴል ግሉታሜት ይለቃል፣ ግሉታሜት ተቀባዩን ያነቃቃዋል። መልእክቱ ሲደጋገምና ሲበዛ ተቀባዩ ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል። ካልሲየሙ ሲጨምር ሽፋኑ ላይ ያለ ኢንዛይም ተነስቶ ከሽፋኑ ስብ 2-ኤጂን ይቆርጣል። 2-ኤጂ ክፍተቷን ወደ ኋላ ተሻግሮ ላኪው ጫፍ ላይ ያለውን ሲቢ1 ይነካል። ሲቢ1 ሲነካ የላኪው የካልሲየም በሮች ይዘጋሉ። ካልሲየም ካልገባ ደግሞ ከረጢቶቹ አይፈነዱም፣ ግሉታሜት ይቀንሳል። ከዚያ እዚያው ላኪው ጫፍ ውስጥ ያለ ሌላ ኢንዛይም 2-ኤጂን ያፈርሰዋል፣ ነገሩም ያበቃል። ይሄ ሁሉ የሰከንዶች ጉዳይ ነው። ተናጋሪው ሲጮህ አድማጩ እጁን አንስቶ «ቀስ በል» እንደሚለው ማለት ነው። የኋልዮሽ መልእክት መኖሩን በ2001 የተለያዩ ቡድኖች አሳይተዋል፣ እኔ በበኩሌ በነርቭ ሳይንስ ውስጥ እንደዚህ የሚያስደንቀኝ ነገር ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ይሄ «ቀስ በል» የሚለው ፍሬን የተገጠመው የሚያነቃቁ ነርቮች ላይ ብቻ አይደለም። የሚያረጋጉ፣ ሌላውን ዝም የሚያሰኙ ነርቮች ላይም አለ፣ እንዲያውም በብዛት። የሚያረጋጋው ነርቭ ላይ ፍሬን ከተያዘ ውጤቱ መረጋጋት ሳይሆን መነቃቃት ነው የሚሆነው። ስለዚህ «ኢንዶካናቢኖይድ ሲጨምር እንዲህ ይሆናል» የሚባል አንድ መልስ የለም። የት ጨመረ? መቼ? የትኛው ሴል ላይ? እነዚህ ካልተመለሱ «ሲስተማችሁን አስተካክሉ» የሚለው ምንም ትርጉም የለውም።


ተማሪው፦

ነጭ ጋዋን ተባረክ፣ ክላስ ውስጥ ማንም እንዲህ አላስረዳኝም። ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ሰውነታችን ራሱ ያንኑ ሪሴፕተር የሚነካ ነገር ቀኑን ሙሉ እያመረተ ከሆነ ለምን ዝም ብለን አንጦዝም? ቲኤችሲ ሲገባ ምን የተለየ ነገር ተፈጠረ? ሌላው ደግሞ እንደ ሞርፊን አብዝቶ ወስዶ ትንፋሽ አጥሮት የሞተ አይሰማም፣ እሱስ ለምንድነው?


የላብ ልጅ፦

ይሄን እኔ ልሞክር፣ በየቀኑ የምሠራበት ነገር ስለሆነ።

የሰውነትህ 2-ኤጂ አንድ መገናኛ ላይ ተሠርቶ እዚያው መገናኛ ላይ ይፈርሳል። ጎረቤቱ ያለው መገናኛ ምንም ላይሰማ ይችላል። አናንዳማይድም እንደዚሁ ነው፣ ፋህ የሚባል ኢንዛይም ቶሎ ይበላዋል። ቲኤችሲ ግን በደም ዞሮ ይገባና ሲቢ1 ያለበትን ቦታ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነካል፣ ማን ፍሬን እንደጠየቀ ማን እንዳልጠየቀ አይለይም። እነዚያ ሁለቱ ኢንዛይሞችም አያውቁትም፣ ሊያፈርሱት አይችሉም። ጉበት ነው ቀስ እያለ የሚያስወግደው። ስለዚህ ሰከንዶች መቆየት የነበረበት መልእክት ለሰዓታት ይቆያል። ሂፖካምፐስ ላይ እንዲህ ሲሆን ሰውዬው ዓረፍተ ነገር ይጀምርና ምን ሊል እንደነበር ይጠፋበታል። እንቅስቃሴን የሚመሩት ክፍሎች ላይ ሲሆን ሰውነቱ ይከብደዋል፣ መኪና መንዳት የማይገባውም ለዚህ ነው። ሃይፖታላመስ ላይ ሲሆን ጠግቦ እያለ ይርበዋል። አሚግዳላ ላይ ደግሞ በትንሹ ሲሆን ያረጋጋል፣ በብዛት ሲሆን ድንጋጤና ጥርጣሬ ውስጥ ይከታል፣ ነጭ ጋዋን ያለው የፍሬን ነገር እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

በተደጋጋሚ ሲወሰድ ሴሎቹ ዝም ብለው አያዩም። ሲቢ1ን ከሽፋናቸው ላይ ወደ ውስጥ ይስባሉ፣ ቁጥሩን ይቀንሳሉ። የቆየ ተጠቃሚ መጠን የሚጨምረው ለዚህ ነው፣ ሲያቆምም እንቅልፍ የሚያጣው፣ የሚነጫነጨው፣ ምግብ የሚያስጠላው ለዚህ ነው፤ የራሱ ኢንዶካናቢኖይድ የሚያርፍበት ሪሴፕተር አንሶታል። ደስ የሚለው፣ በየቀኑ የሚያጨሱ ሰዎች አንጎል ተቃኝቶ ሲታይ አራት ሳምንት ገደማ ካቆሙ በኋላ ሪሴፕተሩ በአብዛኛው ተመልሶ ተገኝቷል። በወጣትነት ግን ነገሩ ከበድ ይላል፣ አንጎል ገና ራሱን እየገነባ እያለ ይሄ ሲስተም የትኛው ነርቭ ከየትኛው እንደሚገናኝ በመወሰን ላይ ነው። በልጅነት የሚጀምሩና በብዛት የሚጠቀሙ ላይ የሥነ አእምሮ ሕመም ዕድሉ ከፍ እንደሚል ብዙ ጥናት አሳይቷል። ታናሽ ወንድም ወይም እህት ያለው ሰው ይሄን በቁም ነገር ይያዘው።

ትንፋሽን በተመለከተ፣ ትንፋሽ የሚመራው ከአንጎል ግንድ ነው። ሞርፊን የሚነካው ሪሴፕተር እዚያ በብዛት አለ፣ ሲቢ1 ግን በጣም ጥቂት ነው። ለዚህ ነው ቲኤችሲ እንደ ሞርፊን ትንፋሽ የማያቆመው። ይሄን ስል ጉዳት የለውም ማለቴ እንዳይመስልህ። በተለይ ቲኤችሲን እንዲተኩ ላብራቶሪ ውስጥ ተሠርተው «ስፓይስ» ምናምን በሚል ስም የሚሸጡት ሌላ ነገር ናቸው። ቲኤችሲ ሲቢ1ን የሚያነቃው በከፊል ነው፣ እነሱ ግን ሙሉ በሙሉ ነው፣ መንቀጥቀጥ ያመጣሉ፣ ልብና ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ሰው ገድለዋል።

እግረ መንገዴን ይሄ ሲስተም ለምን እንደሚያስፈልገን ካየኋቸው ሁሉ ያሳመነኝን ልንገራችሁ። የአይጥ ግልገሎች በተወለዱ በመጀመሪያው ቀን ሲቢ1ን የሚዘጋ መድኃኒት ሲሰጣቸው ጡት መጥባት አይችሉም። እናት አጠገባቸው ናት፣ ወተቱ አለ፣ እነሱ ግን አይጠቡም፣ በቀናት ውስጥም ይሞታሉ። ሌላው የፍርሃቱ ሙከራ ነው። አይጥ ድምፅ ከሰማ በኋላ ኤሌክትሪክ ይነካዋል፣ ከዚያ ድምፁን ሲሰማ ይደርቃል። ኤሌክትሪኩን አቁመህ ድምፁን ብቻ ብትደጋግምለት ጤነኛው አይጥ ቀስ በቀስ መድረቁን ይተዋል። ሲቢ1 የሌለው አይጥ ግን አይተውም፣ አደጋው ካለፈ በኋላም እንደ ደረቀ ይቀራል። ይሄ በ2002 የወጣ ሥራ ነው። ክፉ ትዝታ አልለቅ ያላቸው ሰዎች ሕክምና ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ወደዚህ ሲስተም ያዩት በዚህ ምክንያት ነው።


ሯጩ፦

እዚህ ላይ ጣልቃ ልግባ። ረጅም ስሮጥ መሃል ላይ የሆነ ቅልል የሚል ስሜት ይመጣል፣ እግር የለኝም እስክል። አሠልጣኛችን ሁሌ «ኢንዶርፊን ነው» ይለናል። አሁን ኢንዶካናቢኖይድ ነው የሚሉ ሰማሁ። የቱ ነው ትክክል?


የላብ ልጅ፦

ሁለተኛው ነው ወደ እውነቱ የሚጠጋው። ኢንዶርፊን፣ ሰውነት ራሱ የሚሠራው ሞርፊን መሰል ነገር፣ በሩጫ ጊዜ ደም ውስጥ ይጨምራል፣ ልክ ነው፣ ግን ትልቅ ሞለኪውል ስለሆነ ከደም ወደ አንጎል በቀላሉ አያልፍም። አናንዳማይድ ትንሽና ቅባታማ ስለሆነ ያልፋል። በ2015 ጀርመን ውስጥ አይጦች ላይ ተሞከረ፤ ከሩጫ በኋላ ጭንቀታቸው ይቀንሳል፣ ሕመምም ብዙ አይሰማቸውም፣ የካናቢኖይድ ሪሴፕተሮቻቸው ሲዘጋባቸው ግን ይሄ ጠፋ። የኢንዶርፊኑን ሲዘጉት አልጠፋም። በ2021 ደግሞ ሰዎች ላይ አዩት፣ የኢንዶርፊንን መንገድ የሚዘጋ መድኃኒት ወስደው የሮጡ ሰዎች ያው ቅልል የሚለው ስሜት መጣላቸው። አናንዳማይድ የሚጨምረውም መካከለኛ ሩጫ ላይ ነው፣ ልብ በደንብ እየመታ ግን ሳትፈነዳ። ቀስ ብሎ በእግር መሄድ ላይ ያን ያህል አልታየም።


ከመድኃኒት ቤት፦

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ ግን የአክስቷ ጉዳይ ወደ ኋላ እንዳይቀር።

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ጉልበቷ። «አናንዳማይድ ከጨመረ ሕመም ይቀንሳል» የሚለው ሐሳብ በትክክል ጉልበት ላይ ተሞክሯል። ፋይዘር ፋህን የሚዘጋ መድኃኒት ሠርቶ ልክ እንደ አክስትሽ የጉልበት መገጣጠሚያቸው የተበላ ሰዎችን ሰጣቸው። ውጤቱ በ2012 ወጣ። አናንዳማይዳቸው ደም ውስጥ በጣም ጨመረ። ሕመማቸው ግን ባዶ ክኒን ከወሰዱት አልተሻለም፣ እዚያው ጥናት ውስጥ የተሰጠው የተለመደው የሕመም ማስታገሻ፣ ናፕሮክሰን፣ ግን ሠርቷል። ሲስተሙ በእርግጥ ተነክቷል፣ ሰዎቹ ግን አልተሻላቸውም። ሰዎች ይሄን ውጤት ቢያውቁት ብዙ ጠርሙስ ሳይሸጥ ይቀር ነበር።

በተቃራኒው መንገድ የሄዱም አሉ። ሲቢ1ን የሚዘጋ ሪሞናባንት የሚባል የክብደት መቀነሻ በ2006 አውሮፓ ውስጥ ተፈቅዶ ነበር። ክብደት ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ግን ሰዎቹ ከባድ ድብርት ውስጥ ገቡ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ መጣ፣ በ2008 ከገበያ ወጣ። የምግብ ፍላጎት ላይ ያለውን ሪሴፕተር ብቻ ለይተህ ልዝጋ ብትል አትችልም፣ ስሜት ላይ ያለውም አብሮ ይዘጋል። በ2016 ደግሞ ፈረንሳይ፣ ሬን ከተማ፣ ፋህን ይዘጋል የተባለ አዲስ ሞለኪውል ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ላይ ሲሞከር አንድ ሰው ሞተ፣ ሌሎችም አንጎላቸው ተጎዳ። ከዚያ በኋላ ሲጠና ሞለኪውሉ ፋህን ብቻ ሳይሆን ሌሎች ኢንዛይሞችንም ይነካ እንደነበር ታየ።

ተስፋ ያለው ነገርም አለ፣ አልክድም። በ2019 ስለ አንዲት የስኮትላንድ ሴት ጥናት ወጣ። በተፈጥሮዋ ፋህዋ ደካማ ነው፣ አናንዳማይዷም ከፍ ያለ ነው። ሕመም አይሰማትም ማለት ይቻላል፣ ጭንቀትም አታውቅም። ግን እሳት ሲያቃጥላት የምታውቀው የሥጋዋ ሽታ ሲመጣ ነው። እንዲህ ነው ይሄ ሲስተም፣ የሚሰጥሽን ሲሰጥ የሚያስፈልግሽንም ሊወስድ ይችላል።

አሁን ሲቢዲ። ሲቢዲ ቲኤችሲ አይደለም፣ አያጦዝም። ሲቢ1ንም በቀጥታ የሚነካው በጣም በደካማ ሁኔታ ነው፣ ሥራው በአብዛኛው ሌሎች ቦታዎች ላይ ነው። ስለዚህ «የኢንዶካናቢኖይድ ሲስተም ዘይት» ብሎ መሸጡ ራሱ የተምታታ ነው። መድኃኒትነቱ የተረጋገጠበት ቦታ አለ፤ በ2018 አሜሪካ ውስጥ ልጆችን ለሚያጠቁ ሁለት ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ተፈቅዷል። መጠኑ ግን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 10 እና 20 ሚሊግራም ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 200 ሚሊግራም፣ ከዚያም እስከ 400 ይወስዳል፣ ጉበቱም በደም ምርመራ ይታያል። ለአንድ አዋቂ ጥቂት ጠብታ ከዚህ ጋር አይገናኝም። በዚያ ላይ በ2017 የወጣ አንድ ጥናት በኢንተርኔት የተገዙ 84 የሲቢዲ ምርቶችን መርምሮ መጠኑ በትክክል የተጻፈበት ከሦስቱ አንዱ ገደማ ብቻ ሆኖ አግኝቷል፣ 18ቱ ውስጥም ቲኤችሲ ነበረበት።

ዋናው ግን ዋርፋሪኑ ነው። ሲቢዲ ጉበት ውስጥ ዋርፋሪንን የሚያስወግደውን ኢንዛይም ያዘገያል። ዋርፋሪን ሰውነት ውስጥ ይከማቻል፣ ደም ከሚፈለገው በላይ ይቀጥናል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መድማት ነው። ለአክስትሽ ይሄን ብቻ ንገሪያት፣ የቀረውን ሳይንስ ተዪው።


ጥያቄ የማያልቅባት፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ ሁላችሁንም። አሁን ነው የገባኝ። ስደውልላት ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ፤ ለካ ገዝታዋለች፣ ጠዋትና ማታ እየወሰደች ነው። «ዋርፋሪኑን እስከዚያው ልተወው?» ስትለኝ ደነገጥኩ። ምን ልበላት? ዘይቱን ካቆመችስ ለጉልበቷ ምን ትውሰድ፣ ፓራሲታሞል ይሆናል?


ከመድኃኒት ቤት፦

ዋርፋሪኑን በፍጹም በራሷ እንዳታቆም። እሱን ማቆም ማለት የረጋ ደም ወደ አንጎሏ እንዲሄድ መንገድ መክፈት ነው። የምታቆመው ዘይቱን ነው። ዛሬ ወይም ነገ ክትትል የምታደርግበት ቦታ ሄዳ አይኤንአር፣ ማለትም ደሟ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ትለካ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ይደገምላት፣ ምክንያቱም ዘይቱ ሲቆም ቁጥሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ጠርሙሱን ይዛ ትሂድ፣ መቼ እንደጀመረችና ስንት ጠብታ እንደምትወስድ ለሐኪሙ ትንገረው። አፍራ እንዳትደብቅ አደራ፣ ብዙ ሰው «ተፈጥሯዊ ነው» ብሎ ሳይናገር ይቀራል።

ፓራሲታሞል ይሻላታል፣ ግን በየቀኑ ለብዙ ቀን ከወሰደችው እሱም አይኤንአርን ስለሚጨምር ሐኪሟ ማወቅ አለበት። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ክኒን ከዋርፋሪን ጋር እንዳትነካ፣ ናፕሮክሰንም ያው ነው፣ ጨጓራ ያደማሉ። የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ለተበላ ጉልበት ከምናውቃቸው ሕክምናዎች ሁሉ የመጀመሪያው ነው፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያሳያት።


የላብ ልጅ፦

ፓራሲታሞል ከተነሳ አይቀር፣ ይሄን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ፓራሲታሞል ከተዋጠ በኋላ ጉበት ትንሽ ይቀይረዋል፣ ከዚያ አንጎል ውስጥ ያ ፋህ የሚባለው ኢንዛይም ከአንድ የቅባት አሲድ ጋር ያጣምረዋል። የሚወጣው ኤኤም404 የሚባል ነገር ነው፣ እሱም አናንዳማይድ ቶሎ እንዳይነሳ የሚያዘገይ ሆኖ ተገኝቷል። ሲቢ1 በተዘጋባቸው አይጦች ላይ የፓራሲታሞል የማስታገስ ኃይል እንደሚቀንስ ታይቷል። ስለዚህ አክስትሽ ከዚህ ሲስተም ጋር የተያያዘ ነገር ከፈለገች፣ ያ ተራ ክኒንም ይነካዋል።


ጥያቄ የማያልቅባት፦

ይሄን ስነግራት ደስ ይላታል። ጠዋት ይዣት እሄዳለሁ። እስከዚያ የምንጠብቀው ምልክት አለ?


ከመድኃኒት ቤት፦

ጥርሷን ስትቦርሽ ድዷ ከደማ፣ አፍንጫዋ ደምቶ አልቆም ካለ፣ ሳትጋጭ ሰውነቷ ላይ ሰማያዊ ነገር ከወጣ፣ ሽንቷ ከቀላ፣ ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ጠዋት እስኪሆን አትጠብቁ። ከወደቀችና ጭንቅላቷን ከመታት፣ ወይም ድንገት ኃይለኛ ራስ ምታት ከያዛት፣ ደህና ነኝ ብትልሽም በሌሊት ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት።